እምቦጭን በጥንዚዛ፣ በእጅ፣ በማሽን ወይስ በመርጨት? የትኛው መንገድ ለየትኛው ሐይቅ ይሆናል

ጣናን ከሚወዱ ሰዎች መካከል ስለ እምቦጭ ወሬ ከተነሳ ክርክሩ የታወቀ ነው። አንዱ «ማሽን ይጨመር» ይላል። ሌላው «ሕዝቡ ወጥቶ ይንቀለው» ይላል። «ዩጋንዳና ኬንያ በጥንዚዛ አጥፍተውት የለ? እኛ ምን እንጠብቃለን?» የሚልም አለ። «ለምን መድኃኒት አይረጭም?» የሚል ሰውም አይጠፋም። ሁሉም የሚናገረው ከልቡ ነው።

አራቱም መንገዶች ቦታ አላቸው። ግን እንዲሁ ቢቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። ብዙ ገንዘብና ድካም የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ነፍሳት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የሚጋነነውም የሚፈራውም እሱ ስለሆነ። ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ አረሙ ከየት መጣ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ተክል ነው። ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ሰው ለጌጥ እያለ ዓለምን አዞረው። በአገራችን መኖሩ የተመዘገበው በ1965 ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ጣና ላይ የታወቀው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በሰሜኑ በኩል፣ የመገጭ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ ነው። ከዚያ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ተስፋፋ።

በአገሩ እያለ የሚበሉት ነፍሳትና የሚያጠቁት በሽታዎች ነበሩበት። እኛ ጋ ሲመጣ ጠላቶቹን ጥሎ መጣ። ምግቡንም አዘጋጅተን ጠበቅነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ በክረምት አፈር ተሸክመው ይገባሉ፤ ከአፈሩ ጋር ማዳበሪያው አለ። የከተማ ፍሳሹም ይጨመርበታል። ነገሩ ከተመቸው እምቦጭ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ መሆን ይችላል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ይህችን 20 ዓመት ያዙልኝ። «በአንድ ዘመቻ እንጨርሰዋለን» የሚል ዕቅድ ሲቀርብላችሁ መመዘኛ ትሆናችኋለች።

ምርጫ አንድ፦ እዚያው የነበሩ ነፍሳት

ከሁሉም የሚያጓጓው ይህ ነው። ከውጭ ምንም ሳይመጣ፣ ድሮም በሐይቁ የነበረ ነፍሳት መጤውን አረም ቢበላልን ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ይህ የሆነበት የታወቀ ቦታ ሰሜን አሜሪካ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ ዩራሺያን ሚልፎይል የሚባል አረም አለ። በ1987 ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ተገኘ፤ ከዚያ ሌሎች ሐይቆችን ወረረ። እንደ እምቦጭ አይንሳፈፍም። ከሐይቁ ወለል ተነስቶ ያድጋል። ላዩ ላይ ሲደርስ ላባ በመሰሉ ቅጠሎቹ ይጠላለፍና ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ዋናተኛውም የጀልባ ሞተሩም እዚያ ውስጥ ይያዛሉ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ቨርሞንት ውስጥ ብራውኒንግተን በምትባል ትንሽ ሐይቅ ላይ ይህ አረም ማንም ሳይነካው ሲመናመን ታየ። ተመራማሪዎች ሲያጣሩ አንዲት ጥንዚዛ አገኙ። የእህላችን ነቀዝ ዘመድ ናት፤ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ። ድሮ የምትኖረው ሰሜናዊ ሚልፎይል በሚባለው የአገሬው ተክል ላይ ነበር። መጤው የዚህ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ወደ እሱ ተሻገረች፤ እንዲያውም ተስማማት።

ሥራዋን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። እንቁላሏን የምትጥለው በተክሉ ጫፍ ላይ ነው። እጩ (ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል) ሲፈለፈል ጫፉን ይበላል፤ ቀጥሎ አገዳውን በስቶ ይገባና ውስጡን ይቦረቡራል። አገዳውን ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ውስጡ ያለው አየር ነው። ሲቦረቦር አየሩ ይወጣል፤ ተክሉም ይሰምጣል። ሐይቃችሁ ላይ መኖሯን ለማወቅ ከላይ ካሉት ጫፎች ጥቂቱን አንስታችሁ እዩ። ጫፉ ጠቁሮ ከተበላ፣ አገዳው ላይም የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ካለ፣ ሠራተኞቹ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። (ሚኒሶታ ውስጥ ግን ቅጠሉን በጀልባችሁ ላይ ይዛችሁ አትውጡ፤ የውሃ አረም ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ነው።)

እዚህ ድረስ ሲታይ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነው። ጉድለቱ የአገሬው ነፍሳት መሆኗ ራሱ ነው። የአገሬው ነፍሳት የአገሬው ጠላት አለበት። ሰንፊሽ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች ይህችን ጥንዚዛ ይለቅማሉ። እነሱ በበዙበት ሐይቅ ጥንዚዛዋ አትበዛም። ሌላው ችግር ክረምታቸው ነው። ብርዱ ሲመጣ ከውሃው ወጥታ ዳርቻው ላይ በረገፈ ቅጠል ሥር ትከርማለች። የሐይቁ ዳር እስከ ውሃው ጫፍ የታጨደ ሣር ወይም የድንጋይ ግንብ ከሆነ የምትከርምበት የላትም።

ስለዚህ የእኔ ምክር እንዲህ ነው። በእነዚያ ሐይቆች አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች ጥንዚዛ ከመግዛት በፊት ያለችውን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ እዚያው አለች፤ የጎደላት ምቹ ቦታ ነው። ተገዝታ በተለቀቀችባቸው በርካታ ሐይቆች የታሰበው ለውጥ አልታየም። ዳርቻውን ሳያጭዱ መተው ወጪ የለውም፤ ውጤቱ ግን ከግዢው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ይህ መንገድ ለጣና ይሆናል ወይ? አይሆንም። ሚልፎይል ላይ የሠራው ጥንዚዛዋ በአገሬው ዘመዱ ላይ ስለለመደች ነው። እምቦጭን በዚህ መልክ ለይቶ የሚያጠቃ፣ በእኛ ሐይቆች የሚታወቅ የአገር ነፍሳት የለም። አንበጣም ሆነ ሌላ ያገኘውን የሚበላ ነፍሳት ቅጠሉን ነካ ነካ ሊያደርገው ይችላል። በሁለት ሳምንት እጥፍ ለሚሆን ተክል ግን ይህ ምኑም አይደለም። ያገኘውን የሚበላ ነፍሳት አራብቶ መልቀቅ ደግሞ የፎገራን ሩዝ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ምርጫ ሁለት፦ ከአረሙ አገር የሚመጣ ነፍሳት

እምቦጭ ጠላቶቹን ጥሎ ከመጣ፣ ጠላቱን ተከትሎት እንዲመጣ ማድረግ ነው ሐሳቡ። ይህ ነፍሳት አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ እሱም የራሱን ጠላቶች አገሩ ጥሎ ይመጣል። የሚኒሶታዋን ጥንዚዛ ያስቸገራት ዓይነት ችግር ያን ያህል አያገኘውም። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። አንዴ ከተለቀቀ መልሶ መሰብሰብ የለም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ሌላ ነገር ይበላል?

በዓለም ላይ በብዛት የተለቀቁት ሁለት ጥንዚዛዎች ናቸው፤ ኒዮኬቲና አይኮርኒዬና ኒዮኬቲና ብሩኪ። ሁለቱም ግማሽ ሳንቲሜትር አይሞሉም። ከ200 በላይ በሆኑ የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ ተፈትነዋል። ዘራቸውን የሚተኩት እምቦጭ ላይ ነው። ጤፍ፣ ሩዝ ወይም ደንገል ላይ ሄደው ይራባሉ የሚለው ፍርሃት መነሻው መልካም ነው፤ ግን በእነዚህ ሁለቱ ላይ መሠረት የለውም።

ያደገው ጥንዚዛ የቅጠሉን ላይ ይፍቀዋል፤ ትንንሽ አራት ማዕዘን የመሰሉ ጠባሳዎች ይቀራሉ። ዋናው ጉዳት ግን የእጩ ነው። እንቁላሉ ያረፈው በቅጠሉ አንገት ውስጥ ነው። እጩ ከዚያ እየቦረቦረ ወደ ተክሉ እምብርት ይወርዳል፤ ቀዳዳው ውሃና ብስባሽ ያስገባል። በመጨረሻ ወደ ሥሩ ወርዶ፣ ውሃ ውስጥ በጸጉር መሰሉ ሥር ጎጆ ሠርቶ ወደ ጥንዚዛነት ይለወጣል። ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ወራት ይፈጃል። ይህን አካሄድ ልብ በሉት፤ ወደ ጣና ስንመጣ ያስፈልገናል።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ዩጋንዳ በ1995፣ ኬንያና ታንዛኒያ በ1997 ጥንዚዛውን ለቀቁ። እምቦጩ ጣሪያ በነካበት ጊዜ፣ በ1998 ገደማ፣ ወደ 20,000 ሄክታር ሸፍኖ ነበር። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ጠፋ። በዳርቻው ያሉ ሰዎች በገንዳ ውስጥ እምቦጭ አስቀምጠው ጥንዚዛ ያራቡ ነበር። የተወረረውን ተክል ከነጥንዚዛው ተሸክመው ጤነኛው መሐል ይጥሉታል። ትልቅ ቴክኖሎጂ አልጠየቀም።

ታሪኩ ግን እኛ ጋ ሲደርስ ተቆርጦ ነው የደረሰው። አንደኛ፣ በ1997 እና 1998 ኤልኒኞ ነበር፤ ዝናቡ፣ ደመናውና ማዕበሉ ሳያግዝ አልቀረም። ምሁራን ዛሬም ድርሻውን ይከራከሩበታል። እኔ ማዕበሉ ያገኘው አስቀድሞ የተዳከመ ተክል ስለነበረ ሁለቱም ሠርተዋል በሚሉት አምናለሁ። ሁለተኛ፣ በኬንያዋ ከተማ በኪሱሙ በኩል ባለው የዊናም ባሕረ ሰላጤ በ2006 መጨረሻ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ እምቦጩ ተመልሶ መጣ። ተክሉ አብዛኛው ሲያልቅ ጥንዚዛውም አብሮ አለቀ። ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ነበር፤ ወንዞቹም ምግብ ማምጣታቸውን አላቆሙም።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ ነገር አሳይታናለች። ሃርትቢስፖርት የሚባለው ግድብ ውሃ በፍሳሽ የተበከለ ነው፤ ክረምቱም ይበርዳል። እዚያ ሜጋሜለስ የሚባል፣ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት በብዛት እየተራባ ደጋግሞ ተለቀቀ። በ2019 እና 2020 እምቦጩ በጣም ቀነሰ። ደስታው ሳይጠገብ በባዶው ቦታ ሳልቪኒያ የሚባል ሌላ ተንሳፋፊ አረም ተስፋፋ። ምግቡ ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ የሚበላው አይጠፋም።

ታዲያ ጥንዚዛው ለጣና?

ከዩጋንዳ የመጡ ጥንዚዛዎች ወንጂ ላይ ለምርምር ተራብተዋል፤ ስለዚህ ከዜሮ የምንጀምር አይደለንም። በእኔ አስተያየት ጣና ያለ ነፍሳት አይድንም። ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋን ሐይቅ ዳርቻ በየዓመቱ በእጅ እየለቀሙ መኖር አይቻልም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ጣናን ከቪክቶሪያ ይለዩታል።

አንዱ ሙቀት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው፤ ቪክቶሪያ ከ1,140 ሜትር አይበልጥም። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ጥንዚዛው ቀስ ብሎ ይራባል። ይሞታል ማለት አይደለም፤ ይዘገያል። ቪክቶሪያ ላይ በሦስት ዓመት የታየውን እዚህ በሦስት ዓመት መጠበቅ አይገባም። እንደ ሃርትቢስፖርት ደጋግሞ መልቀቅ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ብዙም የማይወራለት ነው። የጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ለጥ ያለ ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ እምቦጩ ጭቃ ላይ ይቀርና ሥር ይሰድዳል። እጩ ደግሞ ጎጆውን የሚሠራው ውሃ ውስጥ በተንጠለጠለ ሥር ነው። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ እዚያ መለወጥ ይቸግረዋል፤ ትውልዱም ይቋረጣል። ስለዚህ ጥንዚዛው መለቀቅ ያለበት ዓመቱን ሙሉ በሚንሳፈፈው ላይ ነው። በበጋ ጭቃ ላይ የሚቀረው የሌላ ዘዴ ድርሻ ነው።

እጅ

ጭቃ ላይ የሚቀረውን የሚያነሳው እጅ ነው። አዲስ የበቀለውንም፣ ገና ያልተወረረ ዳርቻ ላይ የታየውንም እንዲሁ። እጅ እየመረጠ ይነቅላል፤ ደንገሉን አይነካም። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ዓሣውም የሚጠለለው እዚያ ነው፤ ስለዚህ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የሰው ዋጋው ግን ከባድ ነው። ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይውላል። አልቅት አለ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ቦቲና ጓንት ሳይሰጡ ሰውን ወደዚያ መስደድ ልክ አይደለም። ከእምቦጭ ክብደት 95 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ፣ ጭነቱ አብዛኛው ውሃ መሸከም ነው። ከተነቀለ በኋላ ዳር ላይ ተከምሮ መቅረቱ ደግሞ ልፋቱን ሁሉ ያበላሻል። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ክምሩ ጋ ይደርሳል፤ ዘሩን መልሶ ይወስዳል። መቃጠል፣ መቀበር ወይም ውሃው ከሚደርስበት በላይ ርቆ መድረቅ አለበት።

ማሽን

ማሽን ፈጣን ነው፤ ዓይን ይሞላል። ለዚህም ነው ገንዘብ ሲዋጣ ቶሎ ወደ እሱ የምንሄደው። በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ለጣና ማሽን አዋጥተዋል፤ ፍቅራቸው የሚመሰገን ነው። ማሽኑ የሚያዋጣው ግን ጥልቀት ባለበትና ቶሎ መከፈት ባለበት ቦታ ነው፤ ወደብ፣ የጀልባ መተላለፊያ፣ የግድብ አፍ። ዩጋንዳ ፖርት ቤል ወደብና ኦወን ፎልስ ግድብ ላይ በማሽን ስትሠራ፣ ሰፊውን ሐይቅ ለጥንዚዛው ትታለች። ጣና ላይ እምቦጩ የበዛው ጥልቀት በሌለው ጭቃማ ዳርቻ ነው፤ እዚያ ማሽኑ ይቸነከራል። ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ የሠለጠነ ሰው፣ አረሙን የሚያወጣ መኪና ካልተዘጋጀ ማሽኑ ብቻውን ሥራ አይሠራም።

መርጨት

2,4-ዲ እና ግላይፎሴት የሚባሉት የአረም መድኃኒቶች እምቦጭን ይገድላሉ፤ ይህ አያከራክርም። ሱዳን ነጭ አባይ ላይ ለዓመታት ረጭታለች። ለጣና ግን አልመክርም። የሞተው ተክል ሰምጦ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው ይታፈናል። ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። ሰውም ከብትም ከዚያው ይጠጣል፤ አትክልትም በዚያው ይጠጣል። ግላይፎሴት ደንገሉንም አይምርም። ሰው የማይጠቀምበት አነስተኛ የታጠረ ኩሬ ከሆነ ሊታሰብ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ እጄን አላነሳለትም።

ምን ከምን ጋር ይሄዳል?

ጥንዚዛ ባለበት ቦታ ማሽን ገብቶ ጠርጎ ካጨደ እንቁላሉም እጩም አብሮ ይወጣል። ሚኒሶታም ያው ነው። አጫጁ የሚቆርጠው ጥንዚዛዋ እንቁላል የጣለችበትን ጫፍ ነው። ከዚያ የቀረው አረም ያለ ጠላት ያድጋል፤ «ጥንዚዛው አልሠራም» ይባላል። ስለዚህ ጥንዚዛው የተለቀቀበት ክፍል ምልክት ይደረግበት፤ ማንም አይንካው። ዘመቻውም ማሽኑም ከዚያ ውጭ ይሥሩ። በአካባቢው ላለው ገበሬ ይህ በደንብ መነገር አለበት። ከእሱ ማሳ ፊት ያለው አረም እያለ «ተውት» ሲባል ያለምክንያት ሊመስለው ይችላል።

እኔ ገንዘቡን እንዳከፋፍል ብጠየቅ እንዲህ አደርገዋለሁ። ሰፊና ዓመቱን ሙሉ ለሚንሳፈፈው ክፍል ጥንዚዛ፤ ቢያንስ የአምስት ዓመት በጀት ተይዞለት። ለዳርቻውና አዲስ ለታየው እጅ፤ ክፍያና ቦቲ ተጨምሮበት። ለወደብና ለመተላለፊያ ያሉት ማሽኖች፤ ከአዲስ ግዢ በፊት መለዋወጫ። ከሁሉም ጎን ለጎን ጉማራና ርብ ተፋሰስ ላይ እርከንና ዛፍ፣ ከተሞቹ ላይ የፍሳሽ ማጣሪያ።

ዕቅድ ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ የምጠይቀው ይህን ነው። የወጣው አረም የት ይጣላል? በሦስተኛው ዓመት ማን ይከፍላል? ጥንዚዛ ከሆነስ ከስንት ተክል ስንቱ ላይ ጠባሳ እንደታየ በየወሩ የሚቆጥር ሰው አለ? ይህ ቆጠራ ታንኳ፣ ደብተርና የአካባቢውን አንድ ወጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከተክሉ መሐል አዲሱን ቅጠል ይዞ ጠባሳውን ይቆጥራል፤ አሮጌው ላይ ያለው ያለፈው ወር ሥራ ነው። አዲሱ ቅጠል ላይ ቁጥሩ ከወር ወር ከጨመረ ጥንዚዛው ይዟል። ለስድስት ወር ምንም ካልታየ ደግሞ እንደገና መልቀቅ ወይም ቦታ መቀየር ያስፈልጋል።